ሒሳብ ሲመጣ ሽንት ቤት የሚሄዱ

ሒሳብ ሲመጣ ሽንት ቤት የሚሄድ ጓደኛ የሌለው ማን ነው? እኛ አንድ አለን፡፡ ስሙን አንጠራውም፤ ያነበዋልና፡፡ ጥብሱን የሚያዘው እሱ ነው፡፡ «አንድ ይጨመርበት!» የሚለው እሱ ነው፡፡ ጠግበናል ስንል «ኧረ ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችኋል!» ብሎ የሚጎተጉተንም እሱ ነው፡፡ አስተናጋጇ ወረቀቷን ይዛ ብቅ ስትል ግን ፊኛው ይወጠራል፡፡ እጁን እያራገፈ ሲመለስ «እንዴ! ከፈላችሁ? እኔ ልከፍል ነበር እኮ!» ይለናል፡፡

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ግዛቶች የመጸዳጃ ቤት ሕጎች ስናነብ ይሄ ጓደኛችን ከዓይናችን አልጠፋ አለ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፡፡) ላለፉት አሥር ዓመታት ገደማ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች አንድ ሰው ሲወለድ ከተመዘገበለት ፆታ ውጪ በሆነ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዳይገባ የሚከለክሉ ሕጎችን ሲያረቁ፣ ሲያጸድቁና ሲሽሩ ኖረዋል፡፡ የሕጎቹ ዋነኛ ዒላማ ትራንስጀንደር የሚባሉት፣ ማለትም ሲወለዱ ከተጻፈላቸው በተለየ ፆታ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፡፡ አንዳንዱ ሕግ ክልከላ ብቻ ነው፡፡ አንዳንዱ መሥሪያ ቤቱን ይቀጣል፡፡ አንዳንዱ ደግሞ ሰውየውን በወንጀል ይከሳል፣ እስር ቤትም ይከታል፡፡

በጉዳዩ ላይ ሃይማኖት ምን ይላል፣ ባህል ምን ይላል የሚለውን ክርክር ታውቁታላችሁ፡፡ እኛም መሀል ሁለት ቀን ፈጅቶ ሳንታረቅበት ቀርተናል፡፡ ዛሬ የምንጽፈው ሁላችንም ስለተስማማንበት ነገር ነው፤ ስለ ብሩ፣ ይቅርታ፣ ስለ ዶላሩ፡፡ ይህን ሕግ የሚያዘው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ነው፡፡

ከወረቀቱ እንጀምር፡፡ በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤቶች አንድ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ የበጀት ማስታወሻ የሚባል ሰነድ አብሮት ይመጣል፡፡ ሕጉ ቢጸድቅ ለመንግሥት ምን ያስገባል፣ ምን ያስወጣል የሚለውን የሒሳብ ባለሙያዎች የሚገምቱበት ነው፡፡ ፖለቲከኞቹ የሚጮሁበት ገጽ ላይ «ደኅንነት» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ሲኖሩ፣ እዚህኛው ገጽ ላይ የእስር ቤት አልጋ፣ የዳኛ ሰዓትና የቅጣት ገቢ ይገኛሉ፡፡ ማንም አያነበውም፡፡ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ደግሞ ማንም የማያነበውን ማንበብ እንወዳለን፤ ሌላ ጥቅም ያተረፍንበት ነገር እምብዛም ነው፡፡

በ2016 ለኢንዲያና ሴኔት የቀረበው ቁጥር 35 ረቂቅ ጥሩ ማሳያ ይሆነናል፡፡ አልጸደቀም፤ አጥንቱን ለማየት ግን ይመቻል፡፡ ረቂቁ አውቆ በተቃራኒ ፆታ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የገባን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 5,000 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጻሚ ያደርገው ነበር፡፡ እሺ፣ 5,000 ዶላሩ የት ይገባል? በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የወንጀል መቀጫ ገንዘብ የጋራ የትምህርት ቤቶች ፈንድ ለሚባል የግዛት ካዝና ነው፡፡ ሰውየውስ የት ይታሰራል? በካውንቲው እስር ቤት ነው፡፡ ካውንቲ ማለት ግብሩን ከነዋሪው ቤትና መሬት ላይ የሚሰበስብ፣ የራሱ ሸሪፍና የራሱ እስር ቤት ያለው የአካባቢ አስተዳደር ነው፡፡ እንግዲህ ገቢው ወደ ላይ፣ ወጪው ወደ ታች ነው ማለት ነው፡፡

ገቢው ደግሞ ገቢ ከሆነ ነው፡፡ 5,000 ዶላር መክፈል የሚችል ሰው ጥሩ ጠበቃም ያቆማል፡፡ መክፈል የማይችለው አይከፍልም፡፡ ከታሰረ ግን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ሐኪምና ጠባቂ ያስፈልገዋል፡፡ የራሱ ጠበቃ ከሌለው መንግሥት ማቆም አለበት፡፡ ከፍሎሪዳ በሄደ አንድ ክስ ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 የወሰነው ይህንን ነው፤ ወንጀሉ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ጠበቃ ሳይቀርብለት ወደ እስር ቤት የሚላክ ሰው አይኖርም፡፡ በጊዜው በነበረው የኢንዲያና ሕግ ደግሞ ግዛቱ ለካውንቲዎች የጠበቃ ወጪ ከፊሉን ሲተካ ለትንንሾቹ ወንጀሎች ግን አይተካም ነበር፡፡ የሽንት ቤቱ ወንጀል የሚወድቀው እነዚያ ትንንሾቹ ውስጥ ነው፡፡ ጥብሱን ማን አዘዘ? የግዛቱ ሴናተር፡፡ ወረቀቷ ማን ፊት ተቀመጠች?

አሁን ብዙ የተባለለትን እናንሳ፤ ሰሜን ካሮላይናን፡፡

በየካቲት 2016 የሻርለት ከተማ ምክር ቤት ትራንስጀንደሮች በሚኖሩበት ፆታ መጸዳጃ ቤት እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ፡፡ የግዛቱ ምክር ቤት ተቆጣ፤ መጋቢት 23 ቀን ልዩ ስብሰባ ተጠርቶ ኤች ቢ ሁለት የተባለው ሕግ በዚያው ዕለት ቀረበ፣ በዚያው ዕለት ጸደቀ፣ በዚያው ዕለት በአገረ ገዥው ፓት ማክሮሪ ተፈረመ፡፡ በዚህ ፍጥነት ሒሳብ የሚሠራ ሰው ካለ ይቅጠረን፡፡ የሚገርመው ሕጉ አንድም የእስራት ቅጣት አልነበረውም፡፡ ከልክሎ ዝም ነው፡፡ ስለዚህ የእስር ቤትና የፍርድ ቤት ወጪ ዜሮ! ወረቀት ላይ ከዚህ የረከሰ ሕግ የለም፡፡

ሁለት ሳምንት አልሞላም፡፡ ፔይፓል ሻርለት ላይ ሊከፍተው አስቦ የነበረውን 400 ሰው የሚቀጥር ማዕከል ሰረዘ፡፡ ብሩስ ስፕሪንግስቲን የግሪንስቦሮ ኮንሰርቱን ተወው፡፡ ዶቼ ባንክ ኬሪ በምትባለው ከተማ ሊጨምር የነበረውን 250 የሥራ ቦታ አቆመው፡፡ በሐምሌ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ማኅበር ሻርለት ላይ ሊያደርገው የነበረውን የ2017 የኮከቦች ጨዋታ ነጠቃት፤ ኋላም ለኒው ኦርሊንስ ሰጠው፡፡ በመስከረም የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ሰባት ሻምፒዮናዎችን ከግዛቱ አወጣ፡፡ ኮስታር የተባለው የሪል እስቴት መረጃ ኩባንያ ከ700 በላይ ሥራዎችን ይዞ ሪችመንድ ገባ፡፡ በመጋቢት 2017 አሶሺየትድ ፕሬስ የሚያገኘውን ሰነድ ሁሉ ደምሮ ሕጉ ባለበት ቢቀጥል ግዛቱ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከ3.76 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያጣ ጻፈ፡፡ በመሀሉ ደግሞ የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን ፍርድ ቤት ለመከላከያ የሚሆን 500,000 ዶላር ከየት እንዲመጣ እንደወሰነ ታውቃላችሁ? ለድንገተኛ አደጋ መርጃ ከተቀመጠው ገንዘብ!

ማክሮሪ በዚያው ዓመት ኅዳር ምርጫውን በአሥር ሺህ ድምፅ ገደማ ተሸነፉ፡፡ ሕጉ መጋቢት 30 ቀን 2017 ተሻረ፡፡ ሻርለትም የኮከቦች ጨዋታዋን በ2019 አገኘች፡፡

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ጨርሰው «አያችሁ!» ይላሉ፡፡ እኛ አንጨርስም፤ የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉትም ነገር አለ፡፡ የሰሜን ካሮላይና ኢኮኖሚ በዓመት ከ500 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፡፡ 3.76 ቢሊዮኑን ለአሥራ ሁለት ዓመት ካካፈላችሁት በዓመት 313 ሚሊዮን አካባቢ ይወጣዋል፤ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይደርስም፣ የአንዱ እጅ ሩቅ ቁራጭ ነው፡፡ ዝሆንን ዝንብ ብታርፍበት ምን ይሆናል ነው ክርክራቸው፡፡ በሒሳቡ ልክ ናቸው፤ እኛም ደጋግመን አስልተነዋል፡፡

ግን አማካይ ቁጥር የሚባለው ነገር ክፉ ልማድ አለው፤ ሰው ይደብቃል፡፡ 313 ሚሊዮኑ ከግዛቱ ሰው ሁሉ ላይ እኩል አልተቆረጠም፡፡ የወጣው ከሻርለት ሆቴሎች፣ ከታክሲ ሾፌሩ፣ የኮከቦች ጨዋታ ሳምንት ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ ብላ ካሰበችው የአዳራሽ አስተናጋጅ ነው፡፡ እሷ ድምፅ አልሰጠችበትም፡፡ ከተማዋ ደግሞ ጭራሽ የተቃራኒውን ደንብ ያወጣች ናት፡፡ ያላዘዘችውን ምግብ ከፈለች፤ ያዘዙት ራሌይ ተቀምጠው «ለግዛቱ ምንም አይደለም» አሉ፡፡ ለእነሱ በርግጥም ምንም አይደለም፡፡

እዚህ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር አንድ የማንስማማበትን እንናገር፡፡ ሕጎቹን የሚቃወሙ ሰዎች ከ2016 በኋላ «ኩባንያዎች ይሸሻሉ» የሚለውን ማስፈራሪያ እንደ ዱላ ይዘው ቀሩ፡፡ ዱላው ሰለለ፡፡ ፍሎሪዳ በ2023 ከሰሜን ካሮላይናው የባሰ፣ የሚያሳስር ሕግ ስታወጣ ያን ያህል የጎላ ኩባንያ ሻንጣውን ሲሸክፍ አላየንም፡፡ ኩባንያ ወዳጅ አይደለም፤ ደንበኛው ወደተሰለፈበት ይሄዳል፡፡ ስለዚህ የሌላውን ሰው መብት በፔይፓል ቁጣ ላይ መገንባት አሸዋ ላይ መገንባት ነው፡፡ የበጀቱ ጥያቄ የሚጠነክረው ለማስፈራሪያ ሲውል አይደለም፤ ማን ይክፈል ተብሎ ሲጠየቅ ነው፡፡

ፍሎሪዳን ካነሳን አይቀር፡፡ በዚያ ሕግ መሠረት ሰውየው በሕዝብ ሕንፃ ውስጥ በተቃራኒ ፆታ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሠራተኛ ውጣ ሲለው እንቢ ካለ ያለፈቃድ በመግባት ወንጀል ይከሰሳል፡፡ ተቋሙም ሕጉን ካላከበረ እስከ 10,000 ዶላር ይቀጣል፡፡ በመጋቢት 2025 አንዲት ትራንስጀንደር ተማሪ ሕጉን ልትቃወም ለባለሥልጣናት አስቀድማ ደብዳቤ ጽፋ ታላሃሲ በሚገኘው የግዛቱ ምክር ቤት ሕንፃ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገባች፡፡ እጇን ታጠበች፡፡ ፖሊሶቹ በር ላይ ነበሩ፤ ተያዘች፣ አንድ ቀን ገደማም ታሰረች፡፡ ከዚያ ቀጠሮ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ዳኛ፡፡ መጨረሻው? ዐቃቤ ሕግ በሕግ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ክሱን ስላላስኬደ በዚያው ዓመት መዝገቡ ተዘጋ፡፡ ወጪውን እንቁጠር፤ የፖሊሶቹ ደመወዝ፣ የካውንቲው እስር ቤት አዳር፣ የፍርድ ቤቱ ሰዓት፡፡ ገቢ ዜሮ፡፡ አንድ እጅ መታጠብ!

ዩታ የበለጠ ያስቃል፤ የሚስቀው ግብር ከፋዩ ካልሆነ፡፡ በ2024 መጀመሪያ የጸደቀው ሕግ የመንግሥት ተቋማት መከልከላቸውን እንዲያረጋግጥ ኃላፊነቱን ለማን ቢሰጠው ጥሩ ነው? ለግዛቱ ዋና ኦዲተር! ኦዲተሩ ጆን ዱጋል ሕጉ ግድ ስላላቸው በግንቦት መጀመሪያ የጥቆማ ቅጽ ኢንተርኔት ላይ ከፈቱ፡፡ በአንድ ሳምንት ገደማ ከ10,000 በላይ ጥቆማ ጎረፈ፡፡ ፌዝ ነው ሁሉም፡፡ አንድም እውነት የሚመስል አልተገኘበትም፡፡ ሰውየው የምክር ቤቱ አባላት ሳያማክሯቸው ይህን ሥራ እንዳሸከሟቸው በይፋ አማረሩ፤ ኦዲተር የሆነ ሰው የሽንት ቤት ዘበኛ ልሁን ብሎ እንዳልተማረ ተናገሩ፡፡ ሆዳችንን ይዘን ስቀናል፤ ከዚያ ግን አሰብነው፡፡ እነዚያ አሥር ሺህ ቅጾች የተላኩት የሕዝብ ገንዘብ የት እንደገባ እንዲመረምር ደመወዝ ወደሚከፈለው መሥሪያ ቤት ነው፡፡ ቅጽ ሲያጣራ በዋለበት ቀን የትኛውን ሒሳብ ሳይመረምር ቀረ? ይህ ኪሳራ በምንም ማስታወሻ ላይ አይጻፍም፡፡

ከሁሉ የሚከብደው ሒሳብ የሚመጣው ግን ከወንጀል ችሎት ሳይሆን ከፍትሐ ብሔሩ ነው፡፡ ቨርጂኒያ ውስጥ ግሎስተር የምትባል ካውንቲ አለች፡፡ የትምህርት ቦርዷ አንድን ትራንስጀንደር ተማሪ ከወንዶቹ መጸዳጃ ቤት ከለከለ፡፡ በ2015 ተከሰሰ፡፡ ስድስት ዓመት ተከራከረ፡፡ ተሸነፈ፡፡ በ2021 ለተማሪው ጠበቆች 1.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፡፡ የዊስኮንሲኗ ኬኖሻ የትምህርት ዲስትሪክት ደግሞ ተመሳሳይ ክርክር በ2018 በ800,000 ዶላር ስምምነት ተቋጨ፡፡ ሁለቱም ያወጡት ደንብ እንጂ የወንጀል ሕግ አልነበረም፤ በሩ ግን ያው በር ነው፡፡ የሳውዝ ዳኮታው አገረ ገዥ ዴኒስ ዳውጋርድ በ2016 የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤቶችን የሚመለከት ተመሳሳይ ሕግ ሲቀርብላቸው ሳይፈርሙ መለሱት፤ ሪፐብሊካን ናቸው፡፡ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ትምህርት ቤቶቹን ለክስ ይዳርጋል የሚል ነበር፡፡ ሳያዙ በፊት ዋጋ የጠየቁ ሰው እኒህ ናቸው፡፡

«የሴት ልጅ ደኅንነት በዶላር ይተመናል ወይ?» የሚለን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን፡፡ ቀላል ጥያቄ አይደለም፡፡ እኛም ውስጥ ሴቶች አለን፤ ጨለማ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለ ሽንት ቤት ምን እንደሚመስል የሚነግረን አያስፈልገንም፡፡ ግን አጮልቆ ማየት፣ መጎንተል፣ መድፈር በእነዚያ ግዛቶች ከድሮ ጀምሮ ወንጀል ነው፤ የሠራው ሰው ፆታ ምንም ይሁን ምን፡፡ ማሳቹሴትስ ውስጥ ትራንስጀንደሮች በሚኖሩበት ፆታ እንዲጠቀሙ የፈቀዱ ከተሞችን ካልፈቀዱት ጋር ያነጻጸረ በ2018 የታተመ ጥናት፣ በመጸዳጃ ቤት ወንጀል ላይ ልዩነት አላገኘም፡፡ ይህ ሁሉ ተብሎ አሁንም «የለም፣ ያስፈልጋል» የሚል ምክር ቤት ካለ መብቱ ነው፡፡ እንግዲያው ከሕጉ ጎን ገንዘቡን ይመድብ፡፡ ለካውንቲው የእስር ቤት ቀን፣ ለጠበቃው፣ ለክሱ፡፡ ለሴቶች ደኅንነት ይህን ያህል የሚቆረቆር ሰው ለኮሪደሩ አምፖልም ጥቂት አይጠፋውም፡፡

የአዲስ አበባ ቀበሌ ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ ነገሩ ሁሉ ትንሽ ይደንቀናል፡፡ ስድስትና ሰባት ቤተሰብ፣ አንድ በር፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ቁልፍ፡፡ ንጽህናው አይወራ፡፡ ማን ገባ የሚለው ጠብ ግን በውስጥ መቀርቀሪያ ያልቅ ነበር፡፡ እዚያም ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው ገብቶ የሚቆልፋቸው ክፍሎች፡፡ ችግሩ ግንባታ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ክልከላ ግን ሲጻፍ ነፃ ይመስላል፡፡

ይህን የምንጽፈው ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡ አሁን ወደ ዘመዶቻችን እየሄደ ነው፡፡ ቴክሳስ በ2025 ያወጣችው ሕግ ከታኅሣሥ 4 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል፡፡ ግለሰቡን አይከስም፤ ተቋሙን ነው የሚቀጣው፡፡ ከተማው፣ ካውንቲው፣ ትምህርት ቤቱ ወይም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ክልከላውን ካላስከበረ ለመጀመሪያው ጥፋት 25,000፣ ለሚቀጥሉት 125,000 ዶላር፡፡ ግዛቱ ከትምህርት ቤቱ ይወስዳል፣ ትምህርት ቤቱ ከማን ይወስዳል? ቴክሳስ የገቢ ግብር የላትም፤ ትምህርት ቤትና ካውንቲ ዋና ጉልበታቸው የቤት ግብር ነው፡፡ ዳላስና ጋርላንድ ቤት የገዙ አበሾች ይህን ግብር እንዴት እንደሚረግሙት ስልክ የሚደውል ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል፡፡ ሕጉ ተቋሙ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ ይውሰድ ይላል፡፡ ምን ማለት ነው? ምልክት መለጠፍ? ዘበኛ ማቆም? የልደት ወረቀት ማየት? ሴትዮዋ ፀጉሯን ስላሳጠረች ብቻ ተጠርጥራ ብትከስስስ፣ ያኛውንስ ማን ይከፍላል?

የቴክሳስ የትምህርት ዲስትሪክቶች በጀታቸውን ከማጽደቃቸው በፊት ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ የማድረግ ግዴታ አለባቸው፡፡ እዚያ ያላችሁ እህት ወንድሞቻችን፣ ከሥራ ፈረቃችሁ ከተረፈ ሰዓት አንዱን ምሽት ሂዱልን፡፡ ማይክራፎኑ ጋ ተራ ያዙ፡፡ ለመጸዳጃ ቤቱ ሕግ ማስፈጸሚያ ስንት ያዛችሁ፣ ለቅጣቱና ለክሱስ ከየትኛው መስመር ታወጣላችሁ፣ ከመምህራን ነው ወይስ ከአውቶቡስ ብላችሁ ጠይቁ፡፡ መልሱን ላኩልን፤ እናትመዋለን፡፡